የቆዳ ቀለምን ማስተዋል ራሱ ዘረኝነት ነው? ነርሷ ላይ ፍረዱ

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከሰሞኑ የሚከነክነኝ ነገር ስላለ ሐሳባችሁን ልስማ ብዬ ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ሆስፒታል የነርስ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። አንዲት ያገራችን እናት ሳንባቸውን ታመው ገብተው ነበር። ሲናገሩ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ጣታቸው ላይ የተሰካው የኦክስጅን መለኪያ ግን 94 ይላል፤ የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም። ተረኛዋ ነርስ ፈረንጅ ናት። ቁጥሩን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ ከዚያ ለልጃቸው እንዲህ አለቻት፦ «የእናትሽ ቆዳ ጠቆር ያለ ስለሆነ ይህን ቁጥር ብዙም አላምነውም። ደም ተወስዶ እንዲታይ ለሐኪሙ እነግረዋለሁ።»

ልጅቷ ጦፈች። «እናቴን ልታክሚ ነው ወይስ ቀለሟን ልታዪ የመጣሽው?» ብላ ጮኸችባት። ኃላፊ ተጠራ። ነርሷ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ይቅርታ ጠየቀች። ደሙም ተወሰደ። ውጤቱን አትጠይቁኝ፣ የበሽተኛ ምስጢር ነው፣ ከሥራ ያስባርረኛል።

ልጅቷ በኋላ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «አየሽልኝ? ዘረኝነት ማለት ይሄ ነው» አለችኝ። ዝም አልኩ። ዘረኝነት የለም የምል ሰው አይደለሁም። እዚሁ ፎቅ ላይ ጥቁር በሽተኛ «አመመኝ» ሲል «ማጋነን ይወዳሉ» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይሄኛው ግን ያው ነው ወይ? የሰውን ቀለም ማስተዋልና ሰውን በቀለሙ መናቅ አንድ ናቸው?


አንበሳው ከዳላስ፦

ምን ጥያቄ አለው እህቴ? ዘረኝነት ነው። ለነጭ በሽተኛ «ቆዳሽ ነጭ ስለሆነ» ብላ ታውቃለች? አታውቅም። ቀለም የሚጠራው እኛ ጋ ሲደርስ ብቻ ነው። ልጅቷ ደግ አደረገች።


ሁሉም ሰው፦

እኔ በበኩሌ ቀለም አላይም። ልጆቼንም ያስተማርኳቸው እንደዚያ ነው። ሁላችንም የአዳም ልጆች ነን። ቀለም ባይነሳ ዘረኝነት የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።


ትንፋሽ፦

ሥራዬ ስለሆነ ልግባበት። ሆስፒታል ውስጥ የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያ ነኝ፤ ያቺን ጣት ላይ የምትሰካ ዕቃ በየቀኑ ስጨብጣት ነው የምውለው።

አሠራሯ እንዲህ ነው። ሁለት ዓይነት ብርሃን በጣት ውስጥ ታሳልፋለች። አንዱ ቀይ ነው፣ ሌላው ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ። ኦክስጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም ብርሃኑን የሚውጡት በተለያየ መጠን ነው። መሣሪያዋ ያለፈውን ብርሃን ለክታ ትገምታለች። ልብ በሉ፣ ትገምታለች ነው ያልኩት። ደም አትቀዳም። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን ደግሞ እሱም ብርሃን ይውጣል። በዚህ የተነሳ ጠቆር ያለ ጣት ላይ ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ብሎ የመውጣት ዕድሉ ይጨምራል።

ይሄ የእኔ አስተያየት አይደለም። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ አውጥተውታል። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ሲያሳይ እውነተኛው መጠን ከ88 በታች የወረደባቸውን ቆጠሩ። በነጮች ላይ 3.6 በመቶ ሆነ። በጥቁሮች ላይ 11.7 በመቶ። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ጊዜው ደግሞ ኮቪድ ነበር። አልጋ ይሰጠው፣ ቤቱ ይሂድ፣ ኦክስጅን ይደረግለት የሚባለው በዚያች ቁጥር ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2021 መጀመሪያ ላይ ማስጠንቀቂያ አወጣ።

እናም ያቺ ነርስ ያደረገችው ትክክለኛውን ነው። 94ን አይታ «ደህና ናቸው» ብላ ብትሄድ ማንም አይቆጣትም ነበር፤ እናትየው ግን ሊጎዱ ይችሉ ነበር።


ሚጡ፦

@ሁሉም ሰው፣ መሣሪያውም እንዳንተ ቀለም አያይም። ችግሩ እሱ ነው።


አንበሳው ከዳላስ፦

@ትንፋሽ አመሰግናለሁ፣ ይህን አላውቅም ነበር። ግን ሐሳቤን ያጠነክርልኛል እንጂ አያፈርሰውም። መሣሪያውን ሠርተው ሲሞክሩት ማን ጣት ላይ ነው የሞከሩት? እኛን ረስተው ሠሩት፣ አሁን ደግሞ «ቆዳሽ ነው ያስቸገረው» ይሉናል። ቆዳችን ምን አደረገ? ያስቸገረው ዕቃቸው ነው!


ትንፋሽ፦

በዚህ እንስማማለን። ሙከራው በብዛት ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ነበር። ጉዳዩ አዲስ ግኝትም አይደለም፤ በ1990 የወጣ ጥናትም አንስቶት ነበር። 30 ዓመት ሙሉ በቂ ጆሮ አልተሰጠውም። ነርሷ «መሣሪያችን ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ይሳሳታል» ብትል ኖሮ ያ ሁሉ ጩኸት አይነሳም ነበር ብዬ አስባለሁ። ጥፋቱን ከእናትየው ላይ አንስታ ዕቃው ላይ ማድረግ ነበረባት።


ከነታንያ፦

ሻሎም። ይህን ክር ሳነብ ዝም ማለት አቃተኝ።

እስራኤል ያለን ቤተ እስራኤሎች ስለ ደም ከተነሳ የምንለው አለን። በፈረንጆቹ ጥር 1996 ማዓሪቭ ጋዜጣ አንድ ጉድ አወጣ። ማጌን ዳዊድ አዶም፣ የአገሪቱን የደም ባንክ የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ ከኢትዮጵያ የመጡ አይሁዶች የለገሱትን ደም ለዓመታት ሲጥለው ኖሯል። እጃችንን ዘርግተን ሰጠን። ተቀበሉን። ከዚያ ማንም ምንም ሳይነግረን ደፉት።

ምክንያታቸው ኤችአይቪ ነበር። እውነቱን ለመናገር ቁጥሩን አልፈጠሩትም፤ ከኢትዮጵያ በመጣው ሰው መካከል ቫይረሱ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በርከት ብሎ ይታይ ነበር። እና ማየታቸው አይደለም ያቃጠለን። የተለገሰ ደም ሁሉ ይመረመር የለ? ካላመኑበት ደግሞ ፊት ለፊት «ለጊዜው ከእናንተ አንወስድም፣ ምክንያቱም ይሄ ነው» ማለት ይቻል ነበር። እነሱ ግን አንድ ሕዝብ እንዳለ እንደ አንድ በሽተኛ ቆጠሩ፤ ለዚያ ሕዝብ ደግሞ ትንፍሽ አላሉለትም። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጣ። አስለቃሽ ጭስም፣ የውኃ መድፍም ተተኮሰ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የሚመሩት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ።

አበቃ ስንል በ2013 መጨረሻ ደግሞ የፓርላማ አባሏ ፕኒና ታማኖ ሻታ እዚያው ክኔሴት ግቢ ውስጥ ደም ልትሰጥ ስትል ተከለከለች። ኢትዮጵያ ተወልዳ በሦስት ዓመቷ የመጣች ሴት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ እስራኤል ኖራለች። ሕግ ማውጣት ትችላለች፣ ደም መስጠት አትችልም። ያን ጊዜ መመሪያው የሚያየው የት እንደተወለደች ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያሳለፈችውን 30 ዓመት አላየላትም። ከዓመታት በኋላ የጤና ሚኒስቴሩ መመሪያውን ለወጠ።

አሁን ሌላውን ወገን ልንገራችሁ። ከእኛ ብዙዎቻችን የነጭ ደም ሴል ቁጥራችን፣ በተለይ ኒውትሮፊል የሚባለው፣ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። በሽታ አይደለም። በብዙ አፍሪካውያንና በአንዳንድ የመካከለኛው ምሥራቅ ሕዝቦች ላይም ይታያል። ይህን የማያውቅ ሐኪም ገና ውጤቱን ሲያይ ካንሰር ነው፣ ምንድን ነው እያለ ያስደነግጥሃል። የሚያውቅ ሐኪም «ከኢትዮጵያ ነህ? እንግዲያው ይሄ ላንተ ጤነኛ ቁጥር ነው» ብሎ በሰላም ይሸኝሃል። ያንንም ያየው ከየት እንደመጣሁ አይቶ ነው። በእሱ ግን ማንም ሰልፍ አልወጣም።


የአትላንታው፦

@ከነታንያ የጻፍሽው (ወይስ የጻፍከው?) ልብ ይነካል። እኔ ደግሞ የኩላሊቱን ልጨምር። ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ክፍል ነው የምሠራው።

ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ የሚታወቀው በደም ውስጥ ባለ ክሪያቲኒን በሚባል ነገር ነው። ቁጥሩ ቀመር ውስጥ ይገባል። ቀመሩ ዕድሜ ይጠይቃል፣ ጾታ ይጠይቃል። እስከ 2021 ድረስ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ይጠይቅ ነበር፦ ጥቁር ነህ ወይስ አይደለህም? ጥቁር ከሆንክ ውጤትህ በ1.16 ይባዛል። ከዚያ በፊት በነበረው ቀመር በ1.21።

ምን ያመጣል ትሉ ይሆናል። አንድ ሰው የኩላሊቱ ውጤት 18 ነው እንበል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኩላሊቱ ደክሟል ማለት ነው። ንቅለ ተከላ ወረፋ ለመያዝ 20 ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ነጭ ከሆነ 18 ነው፣ ወረፋውን ይይዛል። ጥቁር ከሆነ 18 ሲባዛ በ1.16 ወደ 21 ይጠጋል፤ «ገና ነህ፣ ደህና ነህ» ይባላል። ያው ደም፣ ያው ኩላሊት! እኔ የማውቃቸው ሰዎች እንዲህ እየተባሉ ዲያሊሲስ ወንበር ላይ ደርሰዋል።

ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? በጥናቶቹ ውስጥ የጥቁሮች ክሪያቲኒን በአማካይ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ክሪያቲኒን ከጡንቻ ስለሚመጣ፣ ጡንቻቸው ብዙ ቢሆን ነው ተባለ። ከዚያ ለሁሉም ጥቁር ሰው ተባዛለት። እንደ እኔ ያለው ቀጫጫ ሐበሻ ሳይቀር የጡንቻ ጉርሻ ደረሰው። አባቱ ጥቁር እናቱ ነጭ የሆነውስ በስንት ይባዛ? ቀመሩ መልስ የለውም።

በ2021 የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበርና ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽኑ ባቋቋሙት ኮሚቴ ምክር ዘር ከቀመሩ ወጣ። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ሆስፒታሎች ወደ ኋላ ተመልሰው የጥቁር በሽተኞችን ወረፋ እንዲያስተካክሉ ታዘዙ። ከ14 ሺህ በላይ ሰው ያለፈው ጊዜ ተቆጥሮለታል። ከዚያ በፊት የሞቱትስ? እሱን ማንም አያስተካክለውም።


ሁሉም ሰው፦

ይኸው! ይሄ እኮ የእኔን ሐሳብ ያረጋግጣል። ቀለም ባያዩ ኖሮ ሰው አይጎዳም ነበር።


ሚጡ፦

ጣት ላይ የምትሰካዋስ? እሷ ጋ ደግሞ ባለማየት ነው ሰው የተጎዳው። ያንዱን ይዘህ ሌላውን መጣል አይሆንም።


ሯጭ ያልሆነው፦

ትንሽ እናዝግም እንጂ፣ ክሩ ከበደ።

እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ ብዬ ሥራ በገባሁ ሰሞን የመሥሪያ ቤቱ የአምስት ኪሎ ሜትር ቡድን ውስጥ ሳልጠየቅ ተመዘገብኩ። ካዛንቺስ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ከታክሲ ወርጄ ቤቴ እስክደርስ ነው የምሮጠው፣ እሱም ዝናብ ከመጣ። በውድድሩ ዕለት ሁለቱም አለቆቼ ጥለውኝ ሄዱ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ሐዘን ብታዩት!

ክፋት አልነበራቸውም። ግን ደራርቱም፣ ፋጡማ ሮባም፣ ቀነኒሳም፣ ጥሩነሽም ከአንዲት በቆጂ ነው የወጡት። ከኢትዮጵያ ሁሉ አይደለም። ታላላቅ ሯጮቻችን ላይ የተጠናው ጥናትም ብዙዎቹ ከአርሲና ከሸዋ ደጋ መሆናቸውን፣ በልጅነታቸውም ረጅም መንገድ እየሮጡ ትምህርት ቤት ይሄዱ እንደነበር ነው የሚያሳየው። «ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሯጭ ነው» ሲሉ ምስጋና ይመስላቸዋል። ለደራርቱ ግን ስድብ ነው፤ ያ ሁሉ ልምምድ የት ገባ?


ፋርማሲስቱ ከስቶክሆልም፦

@ሯጭ ያልሆነው አሳቅከኝ። እኔ ደግሞ «ጥቁር» የሚለው ሣጥን ለሕክምና ለምን እንደማይበቃ አንድ ምሳሌ ልስጥ።

ኮዴይን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ታውቁታላችሁ፣ ሳል መድኃኒት ውስጥም ይገባል። ኮዴይን ሰውነት ውስጥ ሲገባ ጉበት ሞርፊን ወደሚባል ከሱ የጠነከረ ማስታገሻ ይለውጠዋል። ይህን የሚያደርገው ሲዋይፒ 2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ነው። አንዳንድ ሰው የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ተደርቦ ይወለዳል። እንዲህ ያለው ሰው ኮዴይኑን ቶሎና በብዛት ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። በተለመደው መጠን ይደነዝዛል፣ ትንፋሹ ሊዳከም ይችላል። ሕፃን ላይ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። በፈረንጆቹ 1996 የወጣ ጥናት ኢትዮጵያውያን ላይ ይህን ዓይነት ዘረመል ፈልጎ 29 በመቶ ገደማ ላይ አገኘው። እዚህ ስዊድን ውስጥ በስዊድናውያን ላይ ግን ጥቂት በመቶ ብቻ ነው።

ታዲያ አንድ ፋርማሲስት ስሜን አይቶ «ኢትዮጵያዊ ነህ? ኮዴይን ወስደህ ታውቃለህ? እንዴት አደረገህ?» ቢለኝ ልቆጣ? እስመዋለሁ እንጂ! «ጥቁር» ብሎ ብቻ ቢያየኝ ግን ምንም አይጠቅመኝም። የምዕራብ አፍሪካ ሰውም ጥቁር ነው፤ እዚያ ግን ይህ ዘረመል እንደኛ አልበዛም። ሳውዲዎች መካከል ደግሞ ይበዛል። ቆዳ ስለዚህ ነገር ወሬ የለውም። ለኦክስጅን መለኪያዋ ወሳኙ ቆዳው ነው፤ ለኮዴይን ግን ቆዳው ሳይሆን የትውልድ ሐረጉ። አንድ ሣጥን ላይ ምልክት አድርጎ ሁለቱንም እመልሳለሁ ማለት ስንፍና ነው።

ደግሞ ከ100 ኢትዮጵያውያን 29ኙ ቢሆኑ 71ዱ አይደሉም። ስለዚህ ቁጥሩ ለመጠየቅ ያነሳሳል እንጂ መልስ አይሆንም። መልሱ ምርመራው ነው።


ሜዲካል ተማሪዋ፦

ሌላም አለ። አንዳንዴ ሰው «አስተዋልኩ» የሚለው ነገር ጭራሽ የሌለ ነው። በ2016 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ነጭ የሕክምና ተማሪዎችንና ጀማሪ ሐኪሞችን ጠየቁ። ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንድ ውሸት አምነው ተገኙ፤ ለምሳሌ የጥቁር ሰው ቆዳ ከነጭ ይወፍራል የሚለውን። ይህን የሚያምኑት የጥቁሩን ሕመም ዝቅ አድርገው ገመቱ፣ የሚሰጡት ሕክምናም ይበልጥ ተሳሳተ። የሲልቨር ስፕሪንጓ «ማጋነን ይወዳሉ» ሲባል ሰማሁ ያልሽው ከዚህ ነው የሚመጣው። እነዚህም «ልዩነት አየሁ» ነው የሚሉት። ምኑን ነው ያዩት?


የባሮ ልጅ፦

እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ፈረንጅ እኛን ሲያየን ነው። እኛ እርስ በርስ ስንተያይስ?

ጋምቤላ ነው የተወለድኩት። አኙዋ ነኝ። አሁን ሚኒሶታ ነው ያለሁት። አዲስ አበባ ለትምህርት በነበርኩ ጊዜ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ በእንግሊዝኛ ነበር ሒሳብ የሚጠይቀኝ። በአማርኛ ስመልስ ታክሲው በሙሉ ዞሮ ያየኛል። «አማርኛህ ጎበዝ ነው!» ይሉኛል። በአገሬ ላይ! እሱን እስቄ አልፈዋለሁ፤ አለማወቅ ነው። መታወቂያዬን አይቶ «ኢትዮጵያዊ ነህ እንዴ?» ያለኝ ሰው በኋላ ጓደኛዬ ሆኗል።

ሌላው ግን አይታለፍም። በስልክ «ክፍሉ አለ፣ ና እየው» ያሉኝ አከራይ በሩን ከፍተው ሲያዩኝ «አሁን ተከራየ» አሉኝ። አማርኛዬ በስልክ ስላላስነቃብኝ ነው እስከ በሩ የደረስኩት። ከኋላዬ የሚወረወረውን ስድብ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አልጽፈውም። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1942 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ስድቡን የሻረ ግን የለም።

እዚህ አሜሪካ መጥቼ አንዳንድ ያገሬ ልጆች «ዘረኝነት ያየነው እዚህ ነው» ሲሉ ስሰማ ምን እንደምል ይጠፋኛል።


በዛብህ፦

ልጄ፣ የደረሰብህ ያሳዝናል። ግን እኔ አዛውንት ነኝና ልናገር። በእኛ አገር ቀይ፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ጥቁር የሚባለው ለመለያ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ከአንድ እናት ቀዩም ጥቁሩም ይወለዳል። «ጥቁሯ አልማዝ» ስንል አልማዝን ከሌላዋ አልማዝ ለመለየት ነው። ስድብ አይደለም።


ሚጡ፦

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ አልስማማም። አንድ ቤት ውስጥ ቀዩም ጥቁሩም መኖሩ ልክ ነው። ታዲያ አክስቶቼ አዲስ ሕፃን ሲያዩ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቀይ ናት?» ለምን ሆነ? ሙሽራ ሲታጭም ያው ነው። እኔ ከእህቶቼ ጠቆር ብዬ ነው የወጣሁት፤ ቆዳ የሚያነጣ ክሬም በስጦታ መጥቶልኛል፣ ያውም ከዘመድ። እርስዎ ለመለያ ይሉታል፣ ይሆናል። አንዱ መለያ ግን ሁልጊዜ ምስጋና፣ ሌላው ሁልጊዜ «ግን ቆንጆ ናት» የሚጨመርበት ነው።


በዛብህ፦

«ግን» የምትለዋ ላይ ያዝሽኝ። ይህን አስብበታለሁ። የልጁ ጉዳይ ግን ከቀለም ይልቅ የብሔር ጉዳይ ይመስለኛል፤ አሁን ያለው ፖለቲካ


አወያይ፦

በዚህ ላይ እናቁም። የብሔር ፖለቲካ ከገባ ይህን ክር እዘጋዋለሁ። ባለፈው ወር የሆነውን ታስታውሳላችሁ።


ሯጭ ያልሆነው፦

ስለ ዘረኝነት ክር ከፍቶ ብሔር አታንሱ! አወያያችን ዕድሜህ ይርዘም።


አንበሳው ከዳላስ፦

@የባሮ ልጅ፣ ወንድሜ፣ በእኔ በኩል ምንም መከላከያ አላቀርብም። እውነት ነው።

ወደ ነርሷ ልመለስና፣ ሁላችሁም «በቀና ልብ ነው» እያላችሁ ነው። የአትላንታው ሆይ፣ የኩላሊቱን ቀመር የሠሩትም በቀና ልብ ነበር አይደል? ትክክለኛ ቁጥር እናወጣለን ብለው ነው። በቀና ልብ ሰው ተጎዳ። ስለዚህ የልብ ቅንነት ለእኔ ዋስትና አይሆነኝም። ቱስኬጊ ላይ 40 ዓመት ሙሉ፣ ከ1932 እስከ 1972፣ ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁሮች መድኃኒት እያለ ሳያክሙ ሲያዩ የነበሩትም ነጭ ጋውን ለብሰው ነበር። ያቺ ልጅ ብትጮህ አይፈረድባትም።


የአትላንታው፦

ትክክል ብለሃል፣ ክፉ አላሰቡም። ለዚህ ነው እኔ ስለ ልብ የማልጠይቀው። የምጠይቀው፣ ያስተዋሉት ነገር ስህተት ሆኖ ቢገኝ ዕዳውን ማን ይከፍላል? ብዬ ነው።

ነርሷ ብትሳሳት እናትየው አንድ መርፌ ተወጉ፤ ያማል ግን ያልፋል። ቀመሩ ሲሳሳት በሽተኛው ዓመታት ከሰረ፤ ቀመር ሠሪው ምንም አልሆነም። ደም ባንኩ ሲጥል ደግሞ ዕዳው በሙሉ በለጋሹ ላይ ወደቀ፣ ያውም ሳይነገረው። አከራይዋ ብትሳሳት ምን ታጣለች? ምንም፤ ሌላ ተከራይ ይመጣል።


ከነታንያ፦

በዚህ ላይ አንድ ልጨምር። (ሴት ነኝ፣ @የአትላንታው።) መነገሩ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ነርሷ ፊት ለፊት ተናገረች፣ ለዚህም ተሰደበች። እኛ ጋ ግን የተነገረን በጋዜጣ ነው። ልጅቷ መቆጣት የቻለችው ስለተነገራት ነው፤ ባይነገራት በምን ትቆጣ ነበር? እኔ መነገሩን እመርጣለሁ፤ አነጋገሩ ቢያንገጫግጭም።


አንበሳው ከዳላስ፦

አነጋገሩን ይማሩ ነው የምለው እኔም። ሥራቸው አይደል?


የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ይህ ሁሉ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። @ትንፋሽ፣ «መሣሪያችን ይሳሳታል» ያልከውን ለነርሷ ነገርኳት። ጻፊልኝ ብላ ወሰደችው። ልጅቷን ግን ምን ልበላት? ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን፣ አሁንም እንደተቆጣች ናት።


ሜዲካል ተማሪዋ፦

የተጻፈውን አታስተምሪያት። መጀመሪያ «ለእናትሽ መቆምሽ ልክ ነው» በያት። የመለኪያውን ነገር ስትጠይቅሽ ትነግሪያታለሽ። ካልጠየቀች ሌላ ቀን።


በዛብህ፦

አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጄ ከኮቪድ ወዲህ ያችኑ ጣት ላይ የምትሰካ ዕቃ ገዝታልኛለች። አስም አለብኝ። ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ልጣላት?


ትንፋሽ፦

ኧረ አይጣሏት ጋሼ! ሲጠቀሙ እጅዎ ሞቅ ያለ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ጣት ላይ ትዋሻለች። ተቀምጠው፣ ሳይንቀሳቀሱ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቁ። በባለቤትዎ ጣት ላይ ከሆነ የጥፍር ቀለም ወይም ሂና አይኑርበት። ከሁሉ በላይ ደህና በሆኑበት ቀን ስንት እንደሚል ጽፈው ያስቀምጡ። ደህና ሲሆኑ 97 የሚልዎት ከሆነና አንድ ቀን 93 ካለ፣ ያ ለእርስዎ ትልቅ መውረድ ነው፤ ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። ትንፋሽ አጥሮዎት፣ ከንፈርዎ ጠቁሮ ወይም ደረትዎ ተጨንቆ ሳለ ቁጥሩ ጥሩ ነው ቢልም አይመኑት፤ ወዲያው 911 ይደውሉ። ሆስፒታል ሲደርሱም «ይህ መሣሪያ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ሊሳሳት እንደሚችል ሰምቻለሁ» ብለው ራስዎ ይንገሯቸው።


በዛብህ፦

97 ይላል አሁን። ጻፍኩት።